ሐኪምነትና ተመራማሪነት፦ የአንድ ኅሊና ሁለት ግዴታዎች

አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሐኪምም የሳይንስ ተመራማሪም ይሆን ዘንድ ሊሠለጥን ይገባዋልን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሥርዓተ ትምህርት ጉዳይ ይመስላል። ይህ ጸሐፊ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ይላል። ሐኪም ፊቱ ለተቀመጠው አንድ በሽተኛ ሁለንተናውን ይሰጣል፤ ተመራማሪ ግን በዚያው በሽተኛ ትከሻ ላይ አሻግሮ ገና ያልታመሙትን ብዙኃን ይመለከታል። ሕዝባችን «ሁለት ወዶ አይሆንም» ይላል። አባባሉ እዚህም ይሠራ እንደሆነ እንመርምር።

ነገሩን በረቂቁ ከምንተወው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንውረድ። ማለዳ በአሞራ ገደል በኩል ያለፈ ሰው ዓሣ አጥማጆች ውሃው ውስጥ ገብተው መረብ ሲጎትቱ፣ ልጆችም ዳር ዳሩን ሲንቦጫረቁ ያያል። የቢልሃርዚያ ተውሳክ በዚህ ሐይቅ አለ፤ ቀንድ አውጣን ማደሪያው አድርጎ ይራባል፣ ከዚያም ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ሐኪሙ ለታመመው ልጅ ፕራዚኳንቴል ይሰጠዋል። ትሉ ይሞታል፤ ልጁ ይድናል፤ ድኖም ወደዚያው ውሃ ይመለሳል። ሐኪሙ ግዴታውን ፈጽሟል፤ ይሁን እንጂ ስለ ቀንድ አውጣው የሚጠይቅ ሌላ ዓይን ከሌለ ያንኑ ልጅ ሌላ ጊዜ እንደገና መቀበሉ አይቀርም።

ያ ሌላ ዓይን በአገራችን ታሪክ አለው። በ1964 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በእንዶድ ሲያጥቡ የኖሩት እናቶቻችን ናቸው፤ «ለምን ሞቱ?» ብለው የተነሡት ግን እሳቸው ሆኑ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ነገር ግን አክሊሉ የተውሳክ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበሩም። የበሽተኛው መሐላ አልነበረባቸውምና ክርክራችንን በግማሹ ብቻ ያስረዱልናል።

በዚያው በ1964 የሆነው ሌላ ነገር ያስገርማል። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። በአሜሪካ ሐኪምነትንና የምርምር ዶክትሬትን አጣምሮ የሚያሠለጥን፣ በመንግሥት ወጪ የሚደገፍ ፕሮግራም ተጀመረ። የዓለም የሐኪሞች ማኅበርም በሄልሲንኪ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር መግለጫ አወጣ። አንዱ እጅ ሁለቱን ሙያዎች ሲያጋባ ሌላው እጅ የጋብቻውን ውል ይጽፍ ነበር ማለት ነው።

ሙሉውን ክርክር የሚያስረዳን ግን የእግር ዝሆኔ ነው። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠሩ የበሽተኞቻቸውን ያበጠ እግር ማከም ብቻ አልበቃቸውም፤ እግሩ የረገጠውን አፈር ጠየቁ። ትል ከሌለበት ከዚህ ዓይነቱ ዝሆኔ ጀርባ ያለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የወጣው ቀይ አፈር መሆኑን አሳዩ። ደቃቅ ቅንጣቶቹ ለዓመታት በባዶ እግሩ በሚያርሰው ገበሬ ቆዳ ይሰርጋሉ። ጫማና ንጹሕ ውሃ ሊከላከሉት የሚችሉት በሽታ ነው። (በሐዋሳ ከፍተኛ ትምህርት የጀመረው በ1976 በእርሻ ኮሌጅ ነው፤ የሕክምናው ትምህርት ብዙ ዘግይቶ መጣ። የአፈሩ ተማሪና የእግሩ ተማሪ ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ሥር ይገኛሉ፤ ምን ያህል እንደሚነጋገሩ መምህራኑ ይጠየቁ።)

ሆኖም አንድ ጥያቄ ቀረ። በአንድ ማሳ በባዶ እግራቸው ከሚውሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው የማይታመመው ለምንድን ነው? ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ያካሄዱትና በ2012 የታተመው ጥናት፣ በሽታን የመከላከል ኃይላችንን የሚመሩ፣ ከወላጅ የሚወረሱ ጂኖች ድርሻ እንዳላቸው አረጋገጠ። እውነቱ ይህ ነው። ግን ይህን እውነት በመንደር በምን ቃል እንናገረው? አማርኛችን ለሚዘራው እህልም፣ ለትውልድ ሐረግም፣ ለውርስም ያለው ቃል «ዘር» ነው። «በዘር የሚመጣ ነው» የተባለለት ቤት ልጁን የሚያገባለት አያገኝም። የቃል ሠራተኛ ነኝና የዚህን ቃል ክብደት አውቀዋለሁ። ተመራማሪዎቹም ይህን አላጡትም፤ ከዋናው ውጤት በፊት፣ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የዘር ምርምሩ በታማሚዎቹ ቤተሰቦች ላይ ያለውን መገለል ያባብስ ይሆናል የሚለውን ሥጋት ከራሱ ከሕዝቡ አፍ ሰምተው መዝግበዋል። አስቀድሞ መጠየቅ ማለት ይህ ነው።

«ሐኪም ያክም፣ ተመራማሪ ይመርምር፤ ለምን ይደባለቃሉ?» የሚሉ አሉ። ሌላም ከባድ ነገር ያነሣሉ፦ ሐኪም በሚያንስበት አገር፣ በሽተኛው በሆስፒታል ደጃፍ ተሰልፎ ሳለ፣ ስድስት ዓመት እና ከዚያም በላይ የተማረውን ወጣት ለተጨማሪ ዓመታት ቤተ ሙከራ መዝጋት ከተሰለፈው መንጠቅ አይደለምን? ነው። ይህን ወጪ አሳንሶ የሚናገር ሰው ሰልፉን አላየም። እኔ ግን መክፈል ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቱም ሰልፉን የሚያሳጥረው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከሰልፉ ፊት ተቀምጦ ከሚያክመው ሰው ነውና። ፕራይስ ለዚህ ምስክር ናቸው።

የምፈራው ሌላ ነው። በመድረክ አንድ ተዋናይ ሁለት ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ተመልካቹ ካባው መለወጡን ያያል። ሐኪም ተመራማሪ ሲሆን ግን ነጩ ጋዋን ያው ነው። ለሐኪሙ የተሰጠውን አመኔታ ተመራማሪው ሳይታወቅበት ይመነዝረዋል።

ከብዙ ዓመታት በፊት የታመመች አክስቴን ወደ አንድ ሆስፒታል ወስጄ ነበር። ትሑት የሆነ ወጣት ሐኪም ሁለት ብልቃጥ ደም ቀዳ። አክስቴ እጇን ዘርግታ «ያሻህን ቅዳ የኔ ጌታ፤ እግዜር ያክብርህ» አለችው። ከበር ውጭ ስጠይቀው አንደኛው ለምርመራዋ፣ ሁለተኛው ለራሱ ጥናት መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ጥናቱም ጠቃሚ ነበር። ደሙ አልጎዳትም። ብትጠየቅም እሺ ማለቷ አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን ያን እሺታ የመስጠት ክብር የእርሷ ነበር። «አሁን የማናግርሽ ሐኪምሽ ሆኜ አይደለም» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር የትኛው መምህር፣ በስንተኛው ዓመት እንደሚያስተምራት ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክስቴ ሁለቱም ብልቃጥ ለእርሷ መዳን እንደተቀዳ አምና ኖረች። እውነቱን የማውቀው እኔም አልነገርኋትም።