ስምሽን አታከራዪ

ልጄ፣ መቱ መመደብሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። አገሩ ደግ ነው፤ ዝናቡ ግን አይጣል ነው። በዚያ በቀዩ አፈር የቆፈርሽውን የፋውንዴሽን ጉድጓድ ማታ ደረቅ አድርገሽ ብትተዪው፣ ጠዋት ውሃ ሞልቶት ታገኚዋለሽ። ፎርማኑም «ኢንጂነር፣ ምንም አይል፣ እንሙላው» ይልሻል። አይሞላም። ውሃው ተቀድቶ፣ ጭቃው ተጠርጎ ይውጣ፤ ኮንክሪቱ ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋውም ዝናብ ጠጥቷልና ሚክሰሩ ላይ የሚገባው ውሃ በዚያው ልክ ይቀነስ። ሠራተኞቹ ኮንክሪቱ በቀላሉ እንዲፈስላቸው ብለው ዛሬ አንድ ባልዲ ውሃ ሲጨምሩ ዝም ያልሽ እንደሆነ፣ ነገ ሁለት ነው።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የሙያ ፈቃድሽን ልከራይ የሚል ሰው ይመጣል። «ሳይት መምጣት የለብሽም፣ ስምሽ ብቻ ይበቃል» ይላል። በትህትና ነው የሚመጣው፤ የቤት ኪራይሽንም ያውቃል። እባክሽ ልጄ፣ እምቢ በዪው። ባላየሽው ኮለን፣ ባልቆጠርሽው ፌሮ ላይ አትፈርሚ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጩን ከርክክብ በኋላ 10 ዓመት ይይዘዋል፤ ሕንፃው በአፈሩ ጠባይ ቢጎዳ እንኳ ይጠየቃል። ለአንቺ ደግሞ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2031 አለልሽ፤ የሙያ ሰው የሙያውን ደንብ ይጠብቅ፣ በቸልታው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቅ ይላል። ሰው የሞተ እንደሆነማ ነገሩ ወደ ወንጀል ሕጉ ይሄዳል። በቸልተኝነት ሁለት ሰው ቢሞት፣ ወይም ደንቡ እየታወቀ ተጥሶ ሰው ቢሞት፣ አንቀጽ 543 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያዛል። ፈቃድሽን የተከራየው ሰውዬ ያን ጊዜ ስልክ አያነሳም።

ፊርማሽ ክፍያም ያስወጣል። የያዮን የማዳበሪያ ፋብሪካ ታውቂዋለሽ፤ በ2004 ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ሳያልቅ የቀረውን። ሰዉ ዛሬም የሚያወራው ስለ አለቆቹ ነው። እኔ የማስበው ከታች ሆኖ የሚፈርመውን ነው። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በየትኛውም ፕሮጀክት ክፍያ የሚወጣው አንድ መሐንዲስ «ተሠርቷል» ብሎ ሲፈርም ነው። ያልተሠራውን ተሠራ አትበዪ። ግማሹ ከተሠራ ግማሹን ጻፊ።

አንቺ ይህን ታውቂዋለሽ፤ ጎበዝ ነሽ። የምለምንሽ የሳይት መዝገብሽን በየቀኑ እንድትጽፊ ነው። ዝናቡን፣ ያስቆምሽውን ሥራ፣ የነገርሽውን ሰው ጻፊ። የኮንክሪቱ ኪዩብ የ28 ቀን የጥንካሬ ውጤት ሲመጣ ከመዝገቡ ጋር አያይዢው፤ ቅጂውንም ቤትሽ አስቀምጪ። አለቃሽ «ዝም ብለሽ ፈርሚ» ቢልሽ አትቆጪ። በአክብሮት፣ ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። አብዛኛው አለቃ በጽሑፍ ሲባል ይተወዋል።