«ስለዚህ» ለማለት አምስት ዓመት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1998 ቤፖሳክስ የተባለችው የጣሊያንና የኔዘርላንድ ሳተላይት አንድ የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዘገበች። ተመራማሪዎች ቴሌስኮፖቻቸውን ወደዚያው ሲያዞሩ፣ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በምትርቅ ጋላክሲ ውስጥ አዲስ ሱፐርኖቫ አዩ፤ አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የሚፈነዳው ፍንዳታ ነው።

አንዱ ከሌላው የመጣ ነው ወይስ ሁለቱ ሰማይ ላይ እንዲያው ተገጣጠሙ?

ጥያቄው የፍልስፍናም ነው። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳለው፣ ዓይን የሚያየው አንዱ ነገር ሌላውን ሲከተል ብቻ ነው። «አመጣው» የሚያሰኘውን ማሰሪያ ማንም አይቶት አያውቅም፤ ከልምድ ብዛት አእምሮ የሚጨምረው ነው። እዚህ ግን ልምድ የሚባል ገና አልነበረም። የታየው አንዴ ነው።

በአጋጣሚ የመገናኘታቸው ዕድል ሲሰላ ከ10,000 አንድ ያህል ሆነ። ያም ሆኖ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ መጠራጠራቸውም ተገቢ ነበር። የጋማ ጨረሩ ፍንዳታ ከተለመዱት በብዙ ሺህ እጥፍ የደከመ ነበር፤ በአካባቢው የታየ ሌላ የኤክስሬይ ምንጭም ጥርጣሬውን አባባሰው። ሰማዩን ሌት ተቀን ለሚቃኝ ሰው ብርቅ ግጥምጥሞሽ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ማርች 29 ቀን 2003 ወደ 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ከሚርቅ ስፍራ ሌላ የጋማ ጨረር ፍንዳታ መጣ፤ ይህኛው ብርቱ ነው። ከፍንዳታው በኋላ የሚቀረው ድኅረ ብርሃን እየደበዘዘ ሲሄድ ከሥሩ ሌላ ብርሃን ብቅ አለ። በቀለማቱ ተዘርዝሮ ሲመረመር ከ1998ቱ ሱፐርኖቫ ጋር እጅግ ተመሳሰለ። የከዋክብት ፊዚክስ ተመራማሪው ስታን ዉዝሊ በ1993 ያቀረበው ሐሳብም ቦታውን አገኘ፦ የኮከቡ እምብርት ወደ ጥቁር ጉድጓድ ይደረመሳል፤ በዙሪያው የሚሽከረከረው ቁስም ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ሁለት ቀጫጭን ጅረቶችን ይተኩሳል፤ እነሱም ኮከቡን በስተው ይወጣሉ። «ስለዚህ» የሚለው ቃል ያኔ ተገባ። ያስገኘው የድግግሞሹ ብዛት ሳይሆን እንዴት እንደሚሆን የሚያስረዳ መንገድ መኖሩ ነው፤ ሂዩምን ግን ይህም ባላረካው ነበር፤ የመንገዱን እያንዳንዱን እርምጃ በዚያው ጥያቄ ይይዘው ነበርና።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2006፣ 100 ሰከንድ ያህል የቆየ ፍንዳታ ታየ። በሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ሳይቀር ተፈለገ፤ ሱፐርኖቫ ግን አልነበረም። ከሱፐርኖቫ ጋር ይመጣል ሲባል «ረጅም ፍንዳታ ሁሉ» ይባል የነበረው «ብዙው» ወደሚለው ዝቅ አለ። በዲሴምበር 2021 ደግሞ አንድ ደቂቃ ገደማ ከዘለቀ ፍንዳታ በኋላ የተገኘው ኪሎኖቫ ነበር፤ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ይወጣል የሚባለው ቀይ ብርሃን።