ተስፋው የተሰበረበት ሰው

ሰው በጕልምስናው ወደ ኋላ ተመልክቶ ያሰበው ሁሉ እንዳልተፈጸመለት ባወቀ ጊዜ፤ «ሕይወቴ በከንቱ አለፈ» ቢል እውነት አለውን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ተቀብሏል።

ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፤ ወገኑን ከበሽታ ለማዳን ተስፋ አድርጎ ይመለሳል። የቆየው ግን የደርግ ዘመን ነው፤ ወዳጁ ተስፋዬ ይገደልበታል። እንደ ገና ወደ ጀርመን በተላከ ጊዜ ጥቍርነቱን የጠሉ ጐረምሶች ደብድበው እግሩን አሳጡት። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ትውልድ መንደሩ ሲገባ ያረጁ እናቱንና ለጦርነት የሚታፈሱትን ልጆች ያገኛል፤ ሌሊትም ቅዠት እንቅልፍ ይነሣዋል። በመጨረሻ የመንደሩ ልጆች መምህር ይሆናል።

እዚህ ዲክሲስ ፊልሙን አብሮኝ የተመለከተ አንድ ወጣት «ጋሼ፤ ፊደል ለማስቈጠር ጀርመን ድረስ መሄድ ምን ያደርጋል?» አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ የኖርሁ ነኝና ነገሩ ጥቂት ቈነጠጠኝ። «ማስተማር ክቡር ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ይህ ግን ቍስልን በማር መቀባት ነው። አንበርብር መምህር በመሆኑ መንደሪቱ ሐኪም አላገኘችም፤ የተገደለው ወዳጁም አልተነሣም። ጕዳትን በረከት ብሎ መጥራት፤ ጕዳቱን ያደረሱትን ሰዎች ያለ ፍርድ ማሰናበት ይሆናል።

ነገር ግን «አገሬን አድናለሁ» የሚል ሰው ሁለት ተስፋ አለው፤ አንዱ አገሪቱ እንድትድን፤ ሁለተኛው አዳኟ እርሱ ራሱ እንዲሆን። ይህ ሁለተኛው ሲሰበር ብዙ ሰው የመጀመሪያውንም አብሮ ይጥለዋል፤ በጕልምስና የሚመጣውም ምሬት አብዛኛው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ሰባኪዎች የሰውን ዕድሜ ቶሎ በሚረግፍ ጤዛ ይመስሉታል። የአርሲ ገበሬ ግን በመከር ወራት ጤዛው እስኪደርቅ ድረስ ኮምባይነሩን ወደ ስንዴው አያስገባም፤ ያን የሚያህል ብረት የሚያቆም ጤዛ ነው።

ለወጣቱም «አንበርብር የተማረው ስለ መንደሩ ከሆነ፤ መንደሩ አሁንም እዚያው ነው፤ ልጆቹም አሉ» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፤ «ጋሼ፤ አንበርብር እንኳ ሥራ አግኝቷል፤ እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ» አለኝ። ይህን ልክድበት አልቻልሁም።