ከጥብቅና በኋላ፦ ፍትሕና ምሕረት በአንድ ሕይወት

ዕድሜውን በችሎት ያሳለፈ ጠበቃ ሥራውን አቁሞ ቀሪ ዘመኑን ለቤተሰቡና ለቤተ ክርስቲያኑ ሲሰጥ አቋሙ ይለወጣል። ጠበቃ ለአንድ ወገን ይቆማል፤ ሽማግሌ ለሁለቱም። መብት ማስከበር የለመደ ሰው ምሕረትን እንዴት ያገለግላል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሕግና ሃይማኖት ባዕድ ሆነው አያውቁም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊ፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ጉዳይ የሚናገሩ ናቸው። ጾምና ጸሎት፣ ጋብቻና ውርስ በአንድ ጥራዝ ተይዘው ለዘመናት ሲጠኑ ኖረዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣ ወዲህ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በዘመናዊው ሕግ ነው፤ ምእመኑ ጠበቃ ግን ስለ ሥራው በእግዚአብሔር ፊት ከመጠየቅ አይድንም።

የአገልግሎቱ መጀመሪያ ቤቱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ቤቱን ማስተዳደር የማይችል ሰው የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ሊጠብቅ እንደማይችል አስተምሯል። በችሎት መስቀለኛ ጥያቄ የምስክርን ቃል ያፈርሳል፤ በማዕድ ዙሪያ ግን ልጅን ዝም ያሰኛል። ስለዚህ የቀድሞው ጠበቃ ሳያቋርጡ መስማትን እንደ አዲስ መማር አለበት። የሙያው ጥቅም ለቤቱ የሚገለጠው በሌላ በኩል ነው። በጤናው ሳለ በአራት ምስክሮች ፊት ግልጽ ኑዛዜ አድርጎ ካለፈ፣ ልጆቹ በውርስ ምክንያት እንዳይካሰሱ ይረዳል።

ከቤት ቀጥሎ ደብሩ አለ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋምና ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት እንዲሠሩ ደንግጓል። ሕግ አዋቂ በዚህ ጉባኤ ብዙ ሥራ አለው፤ የሕንፃ ሥራ ውል ይመረምራል፣ የይዞታ ማረጋገጫ ያስጨርሳል፣ ቃለ ጉባኤ ያለ አሻሚ ቃል እንዲጻፍ ያደርጋል። የምእመናን ገንዘብ በደረሰኝ እንዲገባና እንዲወጣ መትጋቱ ለእግዚአብሔር ቤት መታመን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ዕርቅ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተበደለ ሰው አስቀድሞ በዳዩን ለብቻው ያናግረዋል፤ ካልሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨምራል፤ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን ይነግራል። ክስ ግን ገና ከመነሻው በአደባባይ ነው። ለምሳሌ በአባታቸው መሬት የተጣሉ ወንድማማቾች ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ሲቀመጡ፣ ሽማግሌው ሁለቱንም በየተራ ያደምጣል። በብዙ አካባቢ እንደተለመደው ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል፤ ተበዳዩም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያነሣዋል። የሕግ ሰው በዚህ ላይ የድንበሩን ምልክት፣ የሚመለሰውን ድርሻና የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ ያሰፍራል። ይቅርታው ከልብ ቢሆንም ድንበሩ ካልተለየ ጠቡ ከልጆቻቸው ይደርሳል።

ዕርቅ ወሰን አለው። በ1952ቱ ሕግ ፍቺን ይወስኑ የነበሩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ሲሆን የሽማግሌዎቹ ድርሻ ማስማማት ነው። የተደበደበችን ሚስት በሃይማኖት ስም «ታገሺ» ብሎ መመለስም ዕርቅ አይደለም፤ በደልን መሸፈን ነው። ይህን ለይቶ መናገር ከሕግ አዋቂ ሽማግሌ የሚጠበቅ ግዴታ ነው።

የጥያቄው መልስ በራሱ በምሥጢረ ንስሐ ውስጥ ይገኛል። ንስሐ ኀዘን፣ ኑዛዜና ቀኖና አለው፤ ኃጢአቱ በስሙ ይጠራል፣ የጎደለውም ይካሳል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል። ስለዚህ ምሕረት ፍትሕን አትሽርም፤ እውነቱ እንዲነገርና የተወሰደው እንዲመለስ ትጠይቃለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ቂም እንዲያዝ አትፈቅድም። ጠበቃው በችሎት የተማረው እውነትን የማጣራት ጥበብ በሽምግልናም ያስፈልገዋል። የሚተወው የማሸነፍን ፍላጎት ነው።