በሳነቴ ኩሬ ዳር ለምታደፍጪው ልጄ

ልጄ፣ ባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ወጥተሽ ከኩሬዎቹ ዳር ወፍና አውሬ ፎቶ ልታነሺ መሰናዳትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ጥሩ ሌንስ ገዝተሻል አሉ። እኔ የምነግርሽ ከሱቅ ስለማይገዛው ነገር ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ኩሬውም ብዙ ነው። ሁሉንም ልዙር ካልሽ የምታነሺው የሚሸሽ ጀርባ ብቻ ይሆናል። አንዱን ምረጪና መጀመሪያ ካሜራውን ትተሽ በሩቁ ተመልከቺ። ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ በየት በኩል ወደ ሣሩ እንደምትወጣ፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ፍለጋ በየት እንደሚያልፍ እወቂ። የጠዋት ፀሐይ ከጀርባሽ፣ ነፋሱ ከፊትሽ ይሁን፤ ቀበሮ ሽታሽን ካገኘ አይጠጋሽም።

ማድፈጫ ድንኳንሽን በችኮላ አትሥሪ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ዲንሾ ካለው የባሌ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አስፈቅጂ፤ ድንኳኑም ዝቅ ያለ ይሁን፤ እዚያ ላይ ረጅም ዛፍ ስለሌለ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ይታያል። በነፋስ እንዳይርገበገብ ጠፍረሽ እሰሪው። በተከልሽው ቀን አትግቢበት። ከሩቅ ተክለሽ ወፎቹ ሲለምዱት በየቀኑ ጥቂት አስጠጊው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ከመቶ ዓመት በፊት የበሬ ቆዳ በእንጨት አዋቅረው፣ ሆዱ ውስጥ ተደብቀው ወፍ ያነሱ ነበር። ነገሩ ያስደንቃል፤ ግን እውነት አለው። እኛም አገር በየረግረጉ ወፍ ከላም እግር ሥር ይለቅማል፤ የሚሸሸው የሰውን ቁመና ነው።

ሳይነጋ ግቢ። ሰው ይሸኝሽና እሱ በግልጽ ተመልሶ ይሂድ፤ አብዛኛው ወፍ የገባውንና የወጣውን ስለማይቆጥር ድንኳኑ ባዶ ይመስለዋል። ሌንሱን ወደ ውሃው ወለል ዝቅ አድርጊ፣ የካሜራውን ድምፅ አጥፊ፣ ለሚበር ወፍ የሻተሩን ፍጥነት ከ1/1000 ሴኮንድ በታች አታውርጂ። ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ ትርፉን ከልብስሽ ሥር ያዢ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ። ከአገጯ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት፣ አንገቷ ነጭ፣ ቁመቷ የልጅ ቁመት የሚያህል ክሬን ታያለሽ። ባሌ ከምትራባባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አንድ ወይም ሁለት ዕንቁላል ትጥላለች፤ የምታሳድገው ግን አንዲት ጫጩት ብቻ ነው። ከወር በላይ ታቅፋለች፤ ጫጩቷም ተፈልፍላ ለመብረር ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ይህን ሁሉ ድካም አንቺ በአንድ ጠዋት ልታበላሺው ትችያለሽ። ደንግጣ ከተነሳች በዚያ ብርድ ዕንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ቁራም አድብቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ጎጆ ላይ ካየሻት ድንኳን አትትከዪ፤ ርቀሽ ሂጂ። ስትመገብ አግኝተሻት ራሷን ቀና አድርጋ ካፈጠጠችብሽም ቀርበሻታል ማለት ነውና እጅሽን ከካሜራው አንሺ። ሥዕሉ አምልጦኛል ብለሽ አትቆጪ፤ እኔ የምኮራብሽ ያን ጊዜ ነው። እንድትቀርብሽ ብለሽም እህል አትበትኚ፣ ድምፅዋንም በስልክ አታጫውቺ።

ስትወጪም የገባሽበትን ትዕግሥት ይዘሽ ውጪ። ወፎቹ በራሳቸው ጊዜ እስኪርቁ ወይም እስኪመሽ ቆዪ፤ ድንገት ብድግ ብለሽ ብትወጪ ያን ሁሉ ቀን የለመዱትን ድንኳን ዳግመኛ አያምኑትም።

ፎቶውን ለሰው አሳዪ፤ አገሩ ምን እንዳለው ይወቅ። ነገር ግን «ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል»። የዛሬ ካሜራና ስልክ የተነሳበትን ቦታ ከፎቶው ጋር ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ከመልቀቅሽ በፊት አጥፊው። «ባሌ» ማለት ይበቃል። የጎጆውን ቦታ ለፓርኩ ጠባቂዎች ብቻ ንገሪ፤ እኔ ብጠይቅሽ እንኳ አትንገሪኝ።