የካምቢዮ ጥርስ

በሬ የሚገዛ ሰው ገበያ ሲወጣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ከዚያ ያስረምደዋል፤ ሽንጡን ይደባብሳል፤ ዓይኑን ይመለከታል። ሻጭና ገዢ በአንድ በሬ ፊት ቆመው የሚያዩት ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ነው። ያረጀ መኪና የሚገዛስ ምን ገልጦ ይይ? የካምቢዮም ጥርስ ጥርስ ነው፤ ይበላል፣ ይሸረፋል፣ ዕድሜውን ይናገራል። ዳሩ ግን ያለው የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። የሚያውቁት መኪናውን ለዓመታት የነዳው ባለቤትና ሣጥኑን ፈትቶ ያየው መካኒክ ብቻ ናቸው። ለገዢው የቀረለት ጆሮው ነው።

ለጆሮም መላ ተገኝቶለታል፤ ሰጋቱራ። ከአናጢ ቤት የሚጠረገውን የእንጨት ብናኝ ማለቴ ነው። ካምቢዮ ወይም ዲፍረንሻል ውስጥ ከወፍራም ዘይት ጋር ሲጨመር በተበሉት ጥርሶች መካከል እየገባ ጩኸቱን ያፍነዋል። የእኛ አገር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ አሮጌ መኪና በሚሸጥበት ዓለም ሁሉ የታወቀ ተንኮል ነው። ለጥቂት ጊዜ መኪናው ጸጥ ይላል። ከዚያ ሰጋቱራው ላቁጦ የዘይቱን መተላለፊያ ይዘጋል፤ ኩሽኔታዎቹ ዘይት አጥተው ይቃጠላሉ። ይሄኔ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ዞሯል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ሻጭ ስለሚሸጠው ዕቃ የሚያውቀውን ሁሉ መናገር አለበት ወይ? የጋራዥ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ዕድሜው ከመኪና በብዙ ይበልጣል። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት 44 ዓመት በፊት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፉ አንድ ቤት ያነሣል። ቤቱ ለጤና የማይስማማ ነው፤ በየመኝታ ክፍሉ እባብ ይታያል፤ እንጨቱም በስብሷል። ይህን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሲሴሮ በዚህ ላይ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ ሕግ ተናገር ያለውን ከተናገረና ካልዋሸ ይበቃዋል፣ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል። የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ይህ መንገድ ለጠፋው ሰው መንገድ ከመንፈግ የከፋ ነው ይላል። ሲሴሮ ራሱ በመጨረሻ ለአንቲጳጥሮስ ፈረደ።

እኔም ለአንቲጳጥሮስ እፈርዳለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ሊቃውንት አንድ ነገር ያመለጣቸው ይመስለኛል። ያንን ያየሁት በመጽሐፍ ሳይሆን ግቢዬ ውስጥ በቆመች አንዲት አሮጌ ባለ ፎርዊል ፒክአፕ ነው።

አዳማ የመኪና ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ በዚህ ያልፋል፤ ከአርሲና ከባሌ የሚወርደው እህል እዚህ ይደርሳል። ከሾፌር፣ ከረዳት፣ ከጎሚስታ ወይም ከደላላ የማይዛመድ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቋንቋም ጋራዡ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ፣ ሮንዴላ፣ ሰጋቱራውም ራሱ። ከሁሉ የሚገርመኝ «ሞርቶ» የሚለው ቃል ነው። በጣሊያንኛ «ሙት» ማለት ነው። ሞተሩና ጎማው የማይተዋወቁበት ቦታ መሆኑ ነው።

ፒክአፗን ልሸጣት ስነሣ ሦስት ሕመም ነበረባት። ማርሽ አልገባም ትላለች፤ ሦስተኛ ማርሽ ይዘልላል፤ ፎርዊሉም እምቢ ብሏል። የወሰድኩላት መካኒክ ወጣት ነው፤ ግን የምወድለት ጠባይ አለው። ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ሞተር ጠፍቶ ማርሹ ይገባል?»

«ይገባል።»

«ሞተር ተነሥቶስ?»

«ያንገራግራል። የኋላ ማርሽማ ጭራሽ ይፈጫል።»

«እንግዲያው ለዚህኛው ካምቢዮውን አንነካም» አለኝ። ሞተር ጠፍቶ ከገባ ጥፋቱ ከካምቢዮው በፊት ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። እንዳለውም የፍሪሲዮኑ ፓምፕ ጎሚኒ አልቆ አየር ያስገባ ነበር። ጎሚኒው ተቀየረ፣ አየሩ ወጣ፣ ማርሹ ገባ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሌላው ቢሆን ካምቢዮ አውርዶ ያልታመመውን ገልብጦ የሳምንት ዋጋ ባስከፈለኝ ነበር። ያም አንድ ዓይነት ውሸት ነው፤ ለዛሬ ይቆየን።

ሦስተኛው ማርሽ ግን የምር ነበር። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሽቅብ ሲወጡ ሞተር ጎማን ስለሚገፋ ማርሹ ችግር የለበትም። ቁልቁል ሲሆን፣ እግር ከነዳጁ ሲነሣ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማ ሞተርን መግፋት ይጀምራል። ያን ጊዜ ጥርሶቹ በሌላው ጎናቸው ይደገፋሉ። ጎኑ ተበልቶ ከሆነ፣ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ካለቀ ወይም ጥርሱን በቦታው የሚይዘው ሞላ ከደከመ ማርሹ ዘልሎ ሞርቶ ላይ ይቀመጣል። የመኪናው ክብደት ከነጭነቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። ማርሹ መኪናዋን የሚተዋት በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት መሆኑ ነው።

ደላላው ሰምቶ መጣ። «ጋሼ፣ ከሞላው ሥር አንዲት ሮንዴላ ትጨመርበት። አንድ ወር አይዘልልም። ለጩኸቱ ደግሞ መድኃኒቱን ያውቁታል።»

«እውነቱን ብነግረውስ?»

«አይሞክሩት! ይህን ከነገረኝ ያልነገረኝ ስንት አለ ነው የሚለው። ገዢ ድሮም ይዋሸኛል ብሎ ቀንሶ ነው የሚመጣው። እርስዎ ሲነግሩት ሁለተኛ ይቀንስብዎታል።»

ደላላውን ክፉ ሰው አድርጌ ልስለው አልፈልግም። የተናገረው ነገር ትልቅ ሊቅ የተናገረው ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ይህንኑ አሳይቷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ተካፍሏል። ገዢ ደኅናውን ከበሽተኛው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የበሽተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደኅና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ ገበያው ለበሽተኞች ይቀራል። በእኛ አገር ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና አይጣልም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ የደበቀው ምሥጢር ከመኪናው ጋር አብሮ ይሸጣል።

የደላላው ምክር ገበያውን በትክክል ይገልጸው ይሆናል፤ እኔ ግን ምን ላድርግ ለሚለው መልስ አይሆንም። ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ቆሻሻ ይጥላል ማለት ጣል ማለት አይደለምና።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንዳይኖርበት ዋስ ያደርገዋል። ገዢ ጉድለቱን እያወቀ ከገዛው ግን የሻጩ ኃላፊነት ይላላል። ይህ ተገቢ ነው። ሁለት ሰዎች እያወቁ የተዋዋሉበት ጉድለት በዋጋ ይካካሳል። ሲሴሮና ፈላስፎቹም ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ ሻጭና ገዢ፣ ሁለት ሰዎች። ቤት ባለበት ይቆማል። እባቡ የሚነድፈው የገዛውንና ቤተሰቡን ነው።

መኪና ግን ይሄዳል። ሦስተኛ ማርሿ የሚዘልል ፒክአፕ ገዢው ዘልሎ እንደሚወጣ ነግሬው፣ ዋጋውንም ቀንሼለት፣ እጅ ተጨባብጠን ብንለያይ፣ በእኔና በእሱ መካከል ሂሳቡ ተወራርዷል። ከእህሉ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ገበያ የምትወርደው ሴትዮ ግን በድርድሩ ላይ አልነበረችም። ዴራ ላይ አስፋልት የሚሻገረው ተማሪም አልነበረም። የተቀነሰው ብር ለእነሱ አልተከፈለም። ስለዚህ አንዳንድ ጉድለት መናገር ብቻውን የማይበቃው ነው እላለሁ፤ ወይ ይጠገናል ወይ አይሸጥም። ሦስተኛውን ማርሽ አሠራሁት። ሹካው፣ ሞላውና ሁለት ጥርስ ተቀየሩ። ደላላው እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ራሱን ይነቀንቃል።

ፎርዊሉን ግን በሌላ መዝገብ አስቀመጥኩት። በነገራችን ላይ «ፎርዊል እምቢ አለ» ከሚባለው ሮሮ ብዙው የሾፌር እንጂ የመኪና ጥፋት አይደለም። በእንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና ፎርዊሉ ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች አንድ ላይ ይታሰራሉ። መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማ ከኋላው የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቻችለዋል፤ አስፋልት ላይ ግን ውጥረቱ ዘንጉ ውስጥ ይጠራቀምና ማርሹ አልወጣም ይላል። ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ብዙ ጊዜ ያስለቅቀዋል። የእኔዋ ሕመም ግን ሌላ ነው። አስፋልት ለአስፋልት ስትመላለስ ለዓመታት ሳይነካ የከረመው የፊት ጎማዎቹ እምብርት መቆለፊያ ዝጎ ደርቋል። ዘንጉ ይዞራል፣ ጎማው አይከተልም። ይህ ማንንም አይገድልም፣ ቢበዛ ጭቃ ውስጥ ያሳድራል ብዬ አሰብኩ። ይነገራል፣ ከዋጋው ይቀነሳል፣ አለቀ።

ገዢ የመጡት ከኢተያ ገባ ብሎ ካለ ገጠር ነው፤ ሸምገል ያሉ ገበሬ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የካምቢዮውን ሰምተው አመሰገኑ። የፎርዊሉን ስነግራቸው ዝም አሉ።

«ኦቦ፣ በዋጋው እንነጋገራለን» አልኳቸው።

«ዋጋው አይደለም ልጄ» አሉኝ። «የእኛ አፈር ጥቁር ነው። ክረምት ሲገባ ምጥ የጠናባትን ሴት አሰላ የምናደርሰው በእንዲህ ያለች መኪና ነው። ፎርዊሏን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ያን ዕለት ማታ በሁለት መዝገብ የከፈልኩት ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ዋጋ የሚያካክሰውንና የማያካክሰውን የምለየው በሕመሙ ዓይነት ነበር። ለካ መኪናዋ የት እንደምትሄድ ሳይጠይቁ ይህን መለየት አይቻልም። አዳማ ውስጥ ለሚኖር ነጋዴ ቢሆን መናገርና መቀነስ ይበቃ ነበር፤ ለእኚህ ሰው አይበቃም። መካኒኩ የፊት ጎማዎቹን እንዲፈታ ነገርኩት። የቀኙ መቆለፊያ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ለቀቀ። የግራው ጥርሱ ተሸርፏል፤ የሚተካው አዳማ ውስጥ ስላልተገኘ አዲስ አበባ የሚያፈላልግ ሰው ልኬያለሁ። ሽማግሌው ቀብድ አልሰጡም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እስከ ሰኔ መግቢያ እጠብቃለሁ ብለው ሄደዋል።