እርግጡ እስኪታወቅ መቆየት

ሳያረጋግጡ መሥራት ሁልጊዜ ነውር ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። የማጅራት ገትር በሽታ ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ ማጅራት ይገትራል፤ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታትም አለበት። እርግጡ የሚታወቀው ኩዊንከ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1891 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ባስተዋወቀው ጥበብ፣ ከወገብ አከርካሪ መካከል በመርፌ በሚቀዳው ውሃ ነው። ነገር ግን በሽታውን ያመጣው ባክቴሪያ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አስተዋይ ሐኪም፣ ምርመራው የሚዘገይ ቢሆን፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ መልሱ ሲመጣም ሕክምናውን ያስተካክላል። መድኃኒት በከንቱ መስጠት ጉዳት የለውም አልልም፤ ሆኖም ከሞት ጋር አይመዛዘንም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እርግጠኝነትን መፈለግ ግዴታችን ነው፤ ሌላው እየሞተ እርግጡን መጠበቅ ግን ጥንቃቄ ሳይሆን ራስን ከወቀሳ ማዳን ነው።